ሰው ጠይቆኝ መመለስ ያቃተኝ ጥያቄ፦ ለቤተክርስቲያን ገንዘብ የምንሰጠው ለምንድነው?

የማለዳ_ጸሎት፦

ሰላም ለሁላችሁም። ሰሞኑን አንድ ነገር ውስጤን ሲበላኝ ሰነበተና እስቲ እዚህ ላውራው ብዬ ነው። መስሪያ ቤት አጠገቤ የሚቀመጥ ልጅ አለ፣ በጣም ጥሩ ልጅ ነው፣ ክርስቲያን አይደለም፣ ሃይማኖት የሚባል ነገር ቤታቸው ውስጥ ሳይነሳ ነው ያደገው። ደሞዝ የገባ ቀን በስልኬ ገንዘብ ሳስተላልፍ አየኝና "በየወሩ ከሁሉም በፊት የምትልከው ለማነው?" አለኝ። ለቤተክርስቲያን አልኩት። "እነሱ ምን ያደርጉልሃል?" ሲለኝ እውነቴን ነው የምላችሁ አፌ ተያዘ። ለማሾፍ አይደለም የጠየቀኝ፣ ለጂም ስከፍል ምን እንደማገኝ አውቃለሁ፣ ለቤት ኪራይ ስከፍልም አውቃለሁ፣ ያንተ ግን አልገባኝም ነው ያለኝ።

አስራት ነው፣ መጽሐፍ ቅዱስ ስጡ ስለሚል ነው ብዬ መለስኩለት። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና "ታዲያ ስጡ ባይል ኖሮ አትሰጥም ነበር?" አለኝ። ይኸው ከዛ ቀን ጀምሮ እያሰብኩት ነው። የመጀመሪያ ደሞዜን ስቀበል እናቴ ከላዩ ላይ አንሳ ብላኝ እንደዛው ጀመርኩ፣ 11 ዓመት ሆነኝ፣ አንድም ቀን ለምን ብዬ ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

ስብከት አይደለም የምፈልገው። እናንተ፣ እያንዳንዳችሁ፣ ለምን እንደምትሰጡ በግልጽ ንገሩኝ። ያቆማችሁም ካላችሁ ለምን እንዳቆማችሁ ንገሩኝ፣ ማንም አይፈርድባችሁም።

ቤዛ_ነኝ፦

እኔ ምስጋና ነው የምለው በቃ። 1ኛ ዜና 29 ላይ ዳዊት ለቤተ መቅደሱ ሕዝቡ ያመጣውን ወርቅና ብር አይቶ ምን አለ፣ ሁሉ ካንተ ነው ከእጅህም የተቀበልነውን ሰጠንህ ነው ያለው። እኔ ከዚህ በላይ ማብራሪያ የለኝም። ስሰጥ እግዚአብሔር የጎደለው ኖሮ የምሞላለት አይመስለኝም፣ የተቀበልኩ መሆኔን እንዳልረሳ ነው።

ሳሙኤል_ጠያቂው፦

ወንድሜ ጓደኛህ ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቀህ። እኔ ራሴ ከ6 ዓመት በፊት ይሄን ነገር ቁጭ ብዬ ከመጽሐፍ ቅዱስ ለማንበብ ወስኜ ነበርና ያገኘሁት ከለመድኩት ስብከት ጋር አልገጥም ብሎኝ ነበር።

በሕጉ አስራት የተባለው የደሞዝ አስረኛ አይደለም፣ የእርሻና የከብት ነው፣ እህል ወይን ዘይት፣ ከመንጋውም በበትር ስር ሲያልፍ አስረኛው (ዘሌዋውያን 27)። የሚሰጠውም ለሌዋውያን ነው፣ ምክንያቱም ሌሎቹ ነገዶች ርስት ሲካፈሉ እነሱ መሬት አልደረሳቸውም፣ ስለዚ አስራቱ በርስት ፈንታ ነው፣ እነሱም ከተቀበሉት አስራት መልሰው አስራት ለካህናቱ ያወጣሉ (ዘኍልቍ 18)። ዘዳግም 14 ላይ ስትሄድ ደግሞ ሰውየው አስራቱን ይዞ ሄዶ ከቤተሰቡ ጋር በእግዚአብሔር ፊት እንዲበላውና ደስ እንዲለው ነው የሚለው!! መንገዱ ከራቀው ሸጦ ገንዘቡን ይዞ ይሂድና እዛ የወደደውን ይግዛበት ይላል። በየ3 ዓመቱ ያለው ደግሞ በከተማው ተቀምጦ ሌዋዊው፣ መጻተኛው፣ አባት የሌለውና መበለቲቱ በልተው እንዲጠግቡ ነው። እኔ ይሄን ምዕራፍ በስብከት ሰምቼው አላውቅም፣ ያሳዘነኝም እሱ ነው።

በአዲስ ኪዳን ለቤተክርስቲያን በዚህን ያህል ፐርሰንት ስጡ የሚል ትዕዛዝ አላገኘሁም። ጳውሎስ የሚለው እያንዳንዱ በልቡ እንዳሰበ ይስጥ፣ በኀዘን ወይም በግድ አይደለም ነው። ስለዚ አስረኛውን ማስላት ተውኩ። መስጠት ግን አልተውኩም፣ እንደውም ዞር ብዬ ሳየው በፊት ከምሰጠው በልጦ አገኘሁት።

ፍሬ_ህይወት፦

ሳሙኤል ያልከው ሁሉ እውነት ነው ግን አስራትን እንዲህ በቀላሉ አትግፋት። አብርሃም ለመልከ ጼዴቅ አስራት ሲሰጥ ሕጉ ገና አልመጣም፣ ያዕቆብም በቤቴል ከምትሰጠኝ ሁሉ አስራት እሰጥሃለሁ ብሎ የተሳለው ከሙሴ በፊት ነው። ማንም አላስገደዳቸውም።

እኔ በራሴ ሕይወት የማውቀውን ልንገራችሁ። በልቤ እንዳሰብኩ እሰጣለሁ እያልኩ ለ2 ዓመት ያህል ስኖር ልቤ ሁልጊዜ የሚያስበው የተረፈውን ነበር፣ ወሩ ሲያልቅ ደግሞ የሚተርፍ ነገር የለም። በኩራት የሚለው ቃል እኮ መጀመሪያ የደረሰው ማለት ነው፣ ቀሪው ይድረስ አይድረስ ሳይታወቅ ከላዩ ላይ የሚነሳ ነው፣ እምነቱም እዛ ላይ ነው ያለው። አስራት ለኔ እጄን አሰለጠነችልኝ። ከዛ በላይ መስጠት ለሚችል ሰው ጣሪያ አይደለችም፣ እኔ ግን መሬት ሆና ይዛኛለች።

ቆጣሪው_9፦

እኔ ደግሞ ከሌላ በኩል ልምጣ። ላለፉት 9 ዓመታት ከአገልግሎት በኋላ መባ ከሚቆጥሩት ሰዎች አንዱ ነኝ። ሳጥኑ 2 ቁልፍ አለው፣ አንዱ እኔ ጋ አንዱ ሌላ ወንድም ጋ ነው፣ አንዳችን ከሌለን አይከፈትም። ጠረጴዛ ላይ እንገለብጠውና ሳንቲሙን ለብቻ ወረቀቱን ለብቻ እንለያለን፣ የተጨማደደውን በመዳፋችን እያቃናን በላስቲክ እናስራለን፣ ከዛ ሁለታችንም ለየራሳችን እንቆጥራለን፣ ቁጥሩ ካልገጠመ እንደገና ከመጀመሪያው። ሶስተኛ ሰው ይመዘግባል፣ ሶስታችንም እንፈርማለን፣ ማክሰኞ ባንክ ይገባል።

በየሳምንቱ የሚመጣ አንድ ኖት አለ። ከኖቶቹ ሁሉ ትንሹ ነው፣ አራት ጊዜ ታጥፎ ታጥፎ የአውራ ጣት ጥፍር አክሎ ነው የሚመጣው፣ ስገልጠው ማጠፊያው ላይ ስስ ብሎ ሊበጠስ ይደርሳል። ማን እንደሚጥለው አላውቅም፣ ለማወቅም ሞክሬ አላውቅም። አንድ ሰሞን ለ3 ሳምንት ቀረ። እኔና ያ ወንድም አልተነጋገርንበትም ግን ሁለታችንም ስናፈስ መጀመሪያ የምንፈልገው እሱን እንደነበር አውቃለሁ። በ4ኛው ሳምንት ሲመጣ ዝም ብሎ አነሳና አሳየኝ።

ለምን እንደምንሰጥ ለማወቅ የት እንደሚሄድ ማወቅ ይረዳልና እሱንም ልበል። አብዛኛው ገንዘብ የሚሄደው ማንም በማይዘምርለት ነገር ላይ ነው። መብራት፣ ውሃ፣ ጥበቃ፣ የሚያፈስ ጣሪያ፣ የድምፅ ማጉያ ጥገና፣ የአገልጋዮች ደሞዝ። ከዛ ለተቸገሩ የሚወጣው አለ፣ የህክምና፣ የኪራይ፣ የቀብር። አንዳንድ ሰው "እኔ ለድሃ እንጂ ለጣሪያ አልሰጥም" ይላል፣ ይገባኛል፣ ግን ያ ድሃ መጥቶ የሚያንኳኳው በር ከዛ ጣሪያ ስር ነው ያለው።

ሁለት ሆኖ መቁጠሩ ደግሞ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። 2ኛ ነገሥት 12ን አንብቡት። በንጉሡ ኢዮአስ ዘመን ካህናቱ ገንዘቡን እየተቀበሉ እስከ 23ኛው ዓመት ድረስ የቤተ መቅደሱን ንቃቃት አልጠገኑም ነበር፣ ከዛ ካህኑ ዮዳሄ ሳጥን ወስዶ ክዳኑ ላይ ቀዳዳ አበጅቶ መሠዊያው አጠገብ አስቀመጠ፣ ሲሞላ የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህኑ አብረው እየመጡ ይቆጥሩ ነበር። ገንዘቡም በሥራው ተቆጣጣሪዎች እጅ ለአናጢውና ለድንጋይ ጠራቢው ተከፈለ።

ስሜ_ይቅር፦

ያቆማችሁ ካላችሁ ንገሩኝ ስላልክ ነው የምጽፈው። እኔ አቁሜአለሁ፣ 4 ዓመት ሆነኝ።

የነበርኩበትን ቦታ ስም አልጠራም። እዛ የሰጪ ስም በመድረክ ይነበብ ነበር፣ ከትልቁ ጀምሮ ወደ ታች። ትልቁን የሰጡ ይቆማሉ ይጨበጨባል፣ ከዛ ሁለተኛዎቹ ይቆማሉ፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል፣ የመጨረሻዎቹ ጋ ሲደርስ ሰዓት ስለሚያልቅ ስማቸው ይዘለላል። እኔ ከሚዘለሉት ነበርኩ። በዛው ዓመት አባቴ ታመመ፣ ዘር ዝራ፣ የምትዘራው እንደ እምነትህ መጠን ነው፣ ፈውሱ ይመጣል ተባልኩ። ለትምህርቴ ያጠራቀምኩት ነበር፣ ሁሉንም ሰጠሁ። አባቴ በ2ኛው ወር አረፈ። ሄጄ ለምን ብዬ ስጠይቅ ምናልባት እየተጠራጠርክ ሰጥተህ ይሆናል አሉኝ። ከገንዘቡ ይልቅ ይሄ ቃል ነው እስከዛሬ የሚያቃጥለኝ፣ አባቴን የገደልኩት እኔ የሆንኩ ያህል ነው የተሰማኝ።

ሚልክያስ 3 ላይ አስራት ለሚያስቀሩ የተባለው "በእርግማን ርጉማን ናችሁ" የሚለው ስንት ጊዜ እንደተነበበልኝ ቁጥሩን አላውቅም። አሁን መጽሐፍ ቅዱስ አነባለሁ፣ እጸልያለሁ፣ ሳጥን ሳይ ግን እጄ አይዘረጋም። ይኸው ነው።

ቤዛ_ነኝ፦

ለስሜ ይቅር፦ ወንድሜ አባትህን ነፍስ ይማር። አባትህ የሞቱት ባንተ ጥርጣሬ አይደለም። ይሄን ማንም አልነገረህ ከሆነ እኔ ልንገርህ።

ሳሙኤል_ጠያቂው፦

ወንድሜ የተደረገብህ ግፍ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ሲሞን የእግዚአብሔርን ስጦታ በገንዘብ ላግኝ ሲል ጴጥሮስ ብርህ ካንተ ጋር ይጥፋ ነው ያለው። ፈውስን በገንዘብ የሚሸጥ ሰው ከሲሞን በምን እንደሚሻል እኔ አላውቅም።

ሚልክያስን ደግሞ ከምዕራፍ 1 ጀምሮ አንብበው እስቲ። መጀመሪያ የሚወቀሱት ካህናቱ ናቸው፣ ዕውርና አንካሳ መስዋዕት እያቀረቡ የእግዚአብሔርን ስም የናቁት እነሱ ናቸው፣ ምዕራፍ 2 ላይ እርግማኑ በነሱ ላይ ነው የሚጀምረው። ምዕራፍ 3 ላይም አስራት ከመጠራቱ 3 ቁጥር ቀደም ብሎ የሠራተኛውን ደሞዝ የሚከለክሉትን፣ መበለቲቱንና ድሃ አደጉን የሚያስጨንቁትን እፈርድባቸዋለሁ ይላል። አስራቱን ወደ ጎተራ አግቡ የሚለውም እኮ "በቤቴ ውስጥ መብል እንዲሆን" ተብሎ ነው። ከነዚህ ሁሉ ቆርጦ አንዷን ቁጥር ብቻ አንስቶ በድሃ ላይ ማንበብ ለኔ የቃሉን አንገት መጠምዘዝ ነው።

የአገልጋይ_ልጅ፦

እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ አሁን ግን መጻፍ አለብኝ። እኔ ያደግኩት በእናንተ መባ ነው። አባቴ ሙሉ ጊዜውን አገልጋይ ነበረ፣ ጫማዬም ደብተሬም ከዛ ሳጥን ነው የመጣው፣ ልጅ ሆኜ ይሄ በጣም ያሳፍረኝ ነበር። አዲስ ልብስ ከለበስኩ ሰው በአይኑ ዋጋውን ሲያሰላ ይታወቀኛል፣ ያረጀ ከለበስኩ ደግሞ ምዕመኑን ታሰድባላችሁ ይባላል።

አባቴ ግን አንድ ሕግ ነበረው። ማን ስንት እንደሰጠ አይሰማም። አንድ ቀን ገንዘብ ያዡ ቤታችን መጥቶ የዚህን ዓመት ትልቁን ማን እንደሰጠ ብነግርዎት ሲላቸው አባቴ እጃቸውን አንስተው "አትንገረኝ፣ ካወቅኩ ነገ ሲያጠፋ እንዴት አድርጌ እገስጸዋለሁ?" አሉት። የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ በሩ ጋ ቆሜ ነው የሰማሁት።

የአገልጋይ መኖሪያ የሚሰጠው ለምንድነው ለሚለው 1ኛ ቆሮንቶስ 9 ግልጽ ነው፣ ወንጌልን የሚሰብኩ ከወንጌል ቀለብ እንዲቀበሉ ጌታ ደንግጓል ይላል፣ እዛው ምዕራፍ ላይ ግን ጳውሎስ ይሄን መብቴን አልተጠቀምኩበትም ይላል፣ ድንኳን እየሰፋ ነው የኖረው። ሁለቱም አለ። ሰው ሳይሰጥ ሲቀር ምን እንደሚሆን ደግሞ ነህምያ 13 ላይ አለ፣ ድርሻቸው ስላልተሰጣቸው ሌዋውያኑና መዘምራኑ እያንዳንዳቸው ወደ እርሻቸው ሸሹ። እኔ ያቺን "ሸሹ" የምትል ቃል ሳነብ ሁሌ እናታችን ወሩ ሳያልቅ ቦርሳዋን ከፍታ ዝም ብላ ስታይ ትታየኛለች።

ለስሜ ይቅር፦ ስምህን የዘለሉት ሰዎች አባቴን አሳፍረዋቸዋል። ከልቤ ነው።

ሌላ_መንገደኛ፦

እኔ ክርስቲያን አይደለሁም፣ ከተፈቀደልኝ አንድ ጥያቄ አለኝ። ለተቸገረ መርዳት ከሆነ ዓላማው ለምን በቀጥታ አትሰጡትም? ጎረቤቴ ተቸግሮ እያየሁ በተቋም በኩል ዞሮ እንዲደርሰው ለምን እጠብቃለሁ? መሐል ላይ ስንት ይቀራል?

ታሪክ_ወዳድ፦

ጥያቄህ ተገቢ ነው፣ በነፃነት ጠይቅ። የድሮዎቹ እንዴት ያደርጉ እንደነበር ትንሽ ልበል፣ ጥያቄህን በከፊል የሚመልስ ይመስለኛል።

በ2ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ሰማዕቱ ዮስጢኖስ የክርስቲያኖችን የእሁድ ጉባኤ ሲገልጽ ያላቸውና የወደዱ እንደፈቀዱ ይሰጣሉ፣ የተሰበሰበውም መሪው ጋ ይቀመጣል፣ እሱም ወላጅ የሌላቸውን፣ መበለቶችን፣ በሕመም የተቸገሩትን፣ እስረኞችንና እንግዶችን ይረዳበታል ይላል። ከዛ ወደ 50 ዓመት ገደማ ቆይቶ የካርቴጁ ክርስቲያን ጸሐፊ ተርቱልያን በወር አንዴ ወይም በፈለገ ጊዜ፣ ከፈለገና ከቻለ ብቻ ይሰጣል፣ ማንም አይገደድም ብሎ ጽፏል፣ ገንዘቡም ድሆችን ለመመገብና ለመቅበር፣ ወላጅ ለሌላቸው ልጆች፣ ላረጁና መርከብ ለሰጠመባቸው። እ.ኤ.አ. በ251 አካባቢ የሮሙ ጳጳስ ቆርኔሌዎስ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ደግሞ ቤተክርስቲያኗ ከ1500 በላይ መበለቶችንና ችግረኞችን ትረዳ እንደነበር ይናገራል። ልብ በሉ፣ ያኔ ገና ስደት ላይ ናቸው። ይሄን ያህል ሰው በየጊዜው መርዳት አንድ ሰው በግሉ ጎረቤቱን እያየ የሚችለው አይደለም፣ ጎረቤት የሌለው ሰውም አለ፣ እስረኛም አለ፣ ማንም የማያየው አለ። ከ100 ዓመት በኋላ ክርስትናን ይቃወም የነበረው የሮም ንጉሥ ዩልያኖስ ራሱ ለአንድ የአረማውያን ሊቀ ካህን ሲጽፍ እነዚህ ሰዎች የራሳቸውን ድሆች ብቻ ሳይሆን የኛንም ይረዳሉ ብሎ በቁጭት ተናግሯል።

ሁሉም ያምራል እያልኩ ግን አይደለም። በአውሮፓ አስራት ቀስ በቀስ ግዴታ ሆነ፣ በ585 ማኮን (ፈረንሳይ) ላይ የተደረገው የጳጳሳት ጉባኤ ያልከፈለውን እስከ ማውገዝ ደረሰ፣ በ779 ደግሞ የፍራንኮች ንጉሥ ሻርለማኝ የመንግሥት ሕግ አደረገው፣ ፈረንሳይ ውስጥ የተሻረው በ1789 አብዮት ነው። በ1517 የፕሮቴስታንት ተሐድሶን የጀመረው ሉተር የተነሳበትም ነገር ያው ገንዘብና የኃጢአት ስርየት መነካካታቸው ነበር። ዛሬም ጀርመን ውስጥ የትልልቆቹ አብያተ ክርስቲያናት አባል የሆነ ሰው ከሚከፍለው የገቢ ግብር ላይ 8 ወይም 9 በመቶ የሚያህል ለቤተክርስቲያን በመንግሥት በኩል ይሰበሰብበታል። እኔ በግሌ ግዴታ የገባበት ዘመን ሁሉ ስጦታውን ያበላሸው ይመስለኛል።

ድምፅ_አልባ፦

ሌላ መንገደኛ ለምን በቀጥታ አትሰጡም ላልከው እኔ ልመልስልህ፣ እኔ ሰጪ ሳልሆን ተቀባይ ነበርኩ።

ባለቤቴ በድንገት ሲያርፍ 2 ልጆች ነበሩኝ ትንሿ ጡት አልጣለችም፣ ሥራ አልነበረኝም። ከቀብሩ በኋላ ሰው እየመጣ ያዝናል፣ አንዳንዱም እጄ ላይ ያስጨብጠኛል፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ግን ልንገራችሁ፣ ገንዘብ ያስጨበጠኝን ሰው መንገድ ላይ ሳገኘው አንገቴን እደፋ ነበር። ልጄ አዲስ ነገር ይዛ ካየብኝ ምን ይለኛል እያልኩ እጨነቅ ነበር። አንዷ ደግሞ በሰጠችኝ በሳምንቱ ልብስ እጠቢልኝ ብላ ላከችብኝ፣ አጠብኩላት፣ እምቢ ማለት እንዴት ይቻላል።

ከቤተክርስቲያን አንዲት እናት መጥታ ቁጭ አለች፣ ኪራዩ ስንት ነው ብቻ ነው የጠየቀችኝ። 5 ወር ተከፈለልኝ። በማን ገንዘብ እንደተከፈለ እስከዛሬ አላውቅም። እሁድ እሁድ ስገባ ከፊቴም ከኋላዬም የተቀመጠው ሰው ሊሆን ይችላል፣ ሁሉም ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ማንንም አላፈርኩም። ቀና ብዬ ዘመርኩ። ከሳጥኑ ውስጥ ሲያልፍ የሰጪው ፊት ከገንዘቡ ላይ ይለቃል። ቆጣሪው ያቺን የታጠፈች ኖት ሲጽፍ ያለቀስኩት ለዚህ ነው፣ ምናልባት እሷም ኪራዬ ውስጥ ነበረች።

አሁን እየሠራሁ ነው፣ እሰጣለሁ። እኔ የምሰጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላ_መንገደኛ፦

ይሄን አላሰብኩትም ነበር። አመሰግናለሁ እህቴ።

ቆጣሪው_9፦

እህቴ አንብቤ ተነስቼ ወጣሁ፣ ተመልሼ ነው የምጽፈው። እግዚአብሔር ልጆችሽን ያሳድግልሽ። ማቴዎስ 6 ላይ ግራ እጅህ ቀኝህ የምታደርገውን አትወቅ የሚለውን ሁሌ ለሰጪው ነፍስ የተባለ ብቻ ይመስለኝ ነበር፣ ለተቀባዩም መሆኑን ካንቺ ነው የተማርኩት።

ስሜ_ይቅር፦

ድምፅ አልባ የጻፍሽውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እኔ የነበርኩበት ቦታ ያደርግ የነበረው የዚህን ተቃራኒ መሆኑ አሁን ነው የገባኝ፣ ገንዘቡ ላይ ፊት ይለጥፉበት ነበር። ስም ሲነበብ የሚያፍረው ትንሽ የሰጠው ብቻ አይደለም ለካ፣ ነገ የሚረዳውም ሰው የማን ባለዕዳ እንደሆነ አብሮ ይነበብለታል።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። ማርቆስ 12 ላይ ያቺ ሁለት ናስ የጣለች መበለት እንድንመስላት ሁሌ ይሰበካል። ከሷ በፊት ያለው ቁጥር ግን የመበለቶችን ቤት ስለሚበሉ ጻፎች (የሕግ መምህራን) ነው። ታዲያ ጌታ እያመሰገናት ነው ወይስ እያዘነላት?

ፍሬ_ህይወት፦

እያመሰገናት ነው። ከሁሉ ይልቅ አብልጣ ጣለች ነው ያለው። አላስቆማትምም።

ሳሙኤል_ጠያቂው፦

ሁለቱም ነው እኔ የሚመስለኝ። እሷን ያከብራታል፣ እንደሷ ያለችውን አራቁቶ የሚኖረውን ደግሞ ይኮንነዋል። ምዕራፉን ለሁለት ከፍለው የሚሰብኩት ሰዎች ናቸው የሚያስቸግሩት። ቀጥሎ ያለውም ያው የዛ ቤተ መቅደስ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እንደማይቀር የተናገረው ነው።

ፍሬ_ህይወት፦

ልትኮንንበት አትችልም ግን፣ ሴትየዋ ማንም አላስገደዳትም፣ ልቧን ነው ያየው። በዚህ አንስማማም፣ ይሁን።

አዲስ_ተቀጣሪ፦

እኔ በቅርብ ነው ሥራ የጀመርኩት፣ ዕዳ አለብኝ፣ ታናሽ እህቴንም የማስተምረው እኔ ነኝ። አስራት ካወጣሁ የሷ ክፍያ ይጎድላል። ካላወጣሁ ደግሞ ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም፣ እግዚአብሔርን እየሰረቅኩ ይመስለኛል። ምን ላድርግ?

ቆጣሪው_9፦

ወንድሜ የእህትህን ክፍያ ክፈል። 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥8 ለራሱ ቤተሰብ የማያስብ ሃይማኖትን የካደ ነው ይላል። ማርቆስ 7 ላይም ጌታ ለወላጆቻቸው የሚገባውን ቁርባን (ለእግዚአብሔር የተሰጠ) ነው እያሉ የሚያስቀሩትን ነው የገሰጸው፣ ለቤተሰብ የሚገባውን ወስዶ ለመሠዊያ ማድረግ እሱ ጋ ተቀባይነት የለውም። 2ኛ ቆሮንቶስ 8፥12ንም አንብበው፣ የሚወደደው ሰው እንዳለው መጠን ነው፣ እንደሌለው መጠን አይደለም።

እጅህ እንዳይረሳ ብቻ ከፈለግክ ትንሿን ነገር ጣል፣ ባታወጣም በሰላም ተኛ። ይሄን የምልህ ሳጥኑ ቢጎድል መጀመሪያ የማየው እኔ ሆኜ ነው።

የአገልጋይ_ልጅ፦

አባቴም ይሄንኑ ነበር የሚሉት። ቃል በቃል።

የማለዳ_ጸሎት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ከዛ ልጅ ጋር ቁጭ ብለን አወራን።

መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኩት፣ ያኔ የመለስኩልህ የራሴን መልስ አልነበረም የእናቴን ነው ብዬ። ከዛ መጽሐፍ ቅዱስ ስጡ ባይል ኖሮ ትሰጥ ነበር ወይ ላልከው አሁን አዎ ብዬ መመለስ እችላለሁ አልኩት፣ ስም ሳልጠራ የዛችን እናት ነገር ነገርኩት፣ 5 ወር ኪራይ ተከፍሎላት ማንንም ሳታፍር ቀና ብላ እንደምትገባ። ምን ያደርጉልሃል ብለኸኝ ነበር፣ ለኔ የሚያደርጉልኝ ይሄን ነው፣ የማላውቀውን ሰው እንድረዳና እሱም እኔን እንዳያውቀኝ መሐል ላይ ይቆሙልኛል አልኩት።

ብዙ አልተናገረም። ሹካውን አስቀምጦ ትንሽ አሰበና "እንደዛ እንደሚያደርጉበት በምን ታውቃለህ?" አለኝ። እንደገና አፌ ተያዘ! 11 ዓመት ሙሉ አንድም ቀን የሂሳብ ሪፖርት አይቼ አላውቅም። ተሰብሳቢው ፊት ይነበባል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝም አላውቅም፣ ስብሰባ ሲጠራ አልሄድም ነበር። ከሰዓት ሽማግሌዎቹን ደውዬ ጠየቅኳቸው፣ አልተቆጡም፣ እሁድ ና ያለፈውን ዓመት ኦዲት እናሳይሃለን አሉኝ። ልጁ አብሬህ መጥቼ ላየው እችላለሁ ወይ ብሎኛል።

ቆጣሪው_9፦

ይዘኸው ሂድ፣ ጥሩ ነው። ጳውሎስ ራሱ ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን የተሰበሰበውን ብቻውን አልያዘም፣ ማንም እንዳይነቅፈን ብሎ አብያተ ክርስቲያናቱ የመረጡት ሰው አብሮት እንዲሄድ አድርጓል፣ 2ኛ ቆሮንቶስ 8 ላይ ታገኘዋለህ። ስለዚ መጠየቅህ አያሳፍርም።

ሪፖርቱን ሲያሳዩህ ጠቅላላ ድምሩን ብቻ አይተህ አትመለስ። ለተቸገሩ የወጣው ለብቻው በአንድ መስመር ተጽፎ እንደሆነ እይ፣ ካለፈው ዓመት ጋር አስተያየው። የተረጂዎቹ ስም ሪፖርቱ ላይ ካለ እንዲያወጡት ንገራቸው፣ ስሙ ከደረሰኞቹ ጋር ተቆልፎ ነው መቀመጥ ያለበት። ቼክ ላይ ስንት ሰው እንደሚፈርም ጠይቅ። ቆጣሪዎቹ እነማን እንደሆኑ ጠይቅ፣ ዘመዳሞች ከሆኑ አንዱ ይቀየር በል። ሰው ካነሳቸው ደግሞ አንተ ግባበት፣ በኛ ጠረጴዛ ሁሌ አንድ ሰው ይጎድላል።

ስሜ_ይቅር፦

እሁድ ያየኸውን እዚህ ጻፍልን እባክህ። እጠብቃለሁ።